እግር ሲታመም የሚንኳኳው በር የትኛው ነው?

ደሴ ውስጥ «የእግር ሐኪም» የሚል ታፔላ ፍለጋ አትድከሙ። እኔ አላየሁም። የጥርስ አለ፣ የዓይን አለ፣ ከአንገት በላይ አለ። እግር ግን ለብቻው በር የለውም። ስለዚህ እግሩን ያመመው ሰው መጀመሪያ የሚያማክረው ጎረቤቱን ነው። ጎረቤት ደግሞ መልስ አያጣም። አንዷ «ብርድ መቶሽ ነው» ትላለች። ሌላዋ «ሪህ ነው፣ ሥጋ ተዪ» ትላለች። ሦስተኛዋ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «የሆነ ነገር ረግጠሽ ይሆናል» ትላለች። ሦስቱንም ሰምቼ አውቃለሁ።

እኛ ቤት እግሩን ያልታመመ የለም ማለት ይቻላል። እኔ አስተማሪ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ ቆሜ ስለምውል ተረከዜ ታመመ። ታናሽ ወንድሜ የአውራ ጣቱ ጥፍር ሥጋው ውስጥ ገባ። እናቴ ስኳር አለባት። አጎቴ ደጋ ገበሬ ነው፤ እግሩ ካበጠ ብዙ ዘመኑ ነው። አራታችንም የታከምነው በተለያየ ክፍል ነው። ይሄን የምጽፈው የትኛው ሕመም የት እንደሚታይና ገብታችሁ ምን እንደሚያደርጉላችሁ ቀድማችሁ እንድታውቁ ብዬ ነው። ሰው ሐኪም ቤት ሳይሄድ የሚቀረው አንዳንዴ በብር እጦት ነው፤ አንዳንዴ ግን «ምን ሊያደርጉኝ ይሆን» በሚል ፍርሃት ብቻ ነው።

ከራሴ ልጀምር። ጠዋት ከአልጋ ወርጄ መጀመሪያ ስረግጥ ተረከዜ ሥር ውግት ያደርገኝ ነበር። ግድግዳ ይዤ አነክሳለሁ። ወዲያ ወዲህ ስል ይለቀኛል። «ተሻለኝ» ብዬ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ። ከሰዓት በኋላ ጥቁር ሰሌዳው ፊት ስቆም ተመልሶ ይመጣል። ደሴን የሚያውቅ ያውቃታል፤ ከጦሳ ተራራ ሥር የተለጠፈች ከተማ ናት፣ ሜዳ ብርቅ ነው። ዳገቱን ስወጣ ባቴ ይወጠራል፣ ቁልቁለቱን ስወርድ ተረከዜ ይመታል። ማታ ቤት ስገባ ደግሞ በባዶ እግሬ ሲሚንቶው ላይ።

ከጤና ጣቢያ ሪፈር ተጽፎልኝ አጥንት ክፍል ገባሁ። ሐኪሙ እግሬን ከማየቱ በፊት ጫማዬን ገልብጦ አየው። ሶሉ በተረከዙ በኩል አልቆ ነበር። ከዚያ በአንድ እጁ የእግሬን ጣቶች ወደ ላይ ሳብ አድርጎ፣ በሌላ እጁ አውራ ጣት ተረከዜን በውስጥ በኩል፣ ከፊት ለፊቱ ጫን አለው። ጮህኩ። «በቃ፣ ይሄው ነው» አለኝ። ምርመራው በአብዛኛው ይሄ ነው። ከተረከዝ አጥንት ተነስቶ እስከ ጣቶች ሥር የሚሄድ ጠንካራ ጅማት አለ። የእግራችንን ውስጥ ጎድጓዳ ይዞ የሚያቆመው እሱ ነው፤ ልክ እንደ ክራር ጅማት ውጥር ያለ ነው። ብዙ ሲቆሙበት፣ ክብደት ሲጨምሩበት፣ ሶሉ ባለቀ ጫማ ሲሄዱበት መነሻው ላይ ይጎዳል። ሌሊት ስንተኛ ያጥርና ጠዋት ስንረግጠው ድንገት ይሳባል። ያ የጠዋት ውግት የመጣው ከዚህ ነው።

«ሪህስ አይደለም?» አልኩት። ሪህ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከአውራ ጣት መጋጠሚያ ነው አለኝ። ድንገት፣ ብዙ ጊዜም ሌሊት ይነሳል። ጣቱ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ይሞቃል፣ ብርድ ልብስ እንኳ አያስነካም። እሱ ከተጠረጠረ የደም ምርመራ አለው። የኔ ከዚህ አንዱንም አይመስልም። ራጅ ተነሳሁ። ተረከዜ ላይ ትንሽ የአጥንት እሾህ ወጥታ ታየች። እኔ ደነገጥኩ፣ እሱ ግን ደንታም አልሰጠው። ብዙ ሰው እሾሁ እያለው ምንም አያመውም፤ ሌላው እሾህ ሳይኖረው ያመዋል። ስለዚህ «አጥንት በቅሎብሻል፣ ካልተቆረጠ አይሆንም» የሚላችሁ ካለ ረጋ በሉ።

መድኃኒት ይሰጠኛል ብዬ ስጠብቅ የሰጠኝ ወደ ፊዚዮቴራፒ የሚያስገባ ወረቀት ነው። እውነቱን ለመናገር ቅር አለኝ። ያን ሁሉ ወረፋ ጠብቄ እንቅስቃሴ ብቻ! ፊዚዮቴራፒስቷ ግድግዳ ፊት አቆመችኝ። ሁለት እጅ ግድግዳው ላይ፣ የሚያመው እግር ወደ ኋላ፣ ጉልበቱ ቀጥ ያለ፣ ተረከዙ መሬት የያዘ። ባቴ እስኪወጠር ወደ ፊት ዘንበል ብዬ ሠላሳ ሰከንድ ያህል መቆየት። ከዚያ ጉልበቱን ትንሽ አጥፎ እንደገና። ሁለተኛው ከአልጋ ሳይወርዱ የሚሠራ ነው። ቁጭ ብሎ እግርን ጉልበት ላይ ማስቀመጥ፣ ጣቶቹን በእጅ ወደ ራስ መሳብ፣ ውስጥ እግሩ ላይ ጅማቱ ሲወጠር በሌላው እጅ እያሹ መያዝ። ይሄን ሠርቼ የወረድኩ ቀን የመጀመሪያው እርምጃ ያን ያህል አይወጋኝም ነበር። ሦስተኛው ውሃ ሞልቶ በረዶ ያደረጉትን የሃይላንድ ጠርሙስ መሬት ላይ አስተኝቶ በውስጥ እግር ወዲያ ወዲህ ማንከባለል ነው። የደሴ ሰው በሐምሌ ይሄን ሲሠራ ማየት ነው እንግዲህ። እናቴ «ብርድ አሞሽ በብርድ ትታከሚ?» ብላ ስቃብኛለች።

ጫማ ውስጥ ተረከዝ ሥር የሚገባ ለስላሳ ትራስም አዘዘችልኝ። ቤት ውስጥም ባዶ እግር ቀረ። ያቺ ስስ ነጠላ ጫማም ቀረች። አይቡፕሮፌን ለጥቂት ቀን ከምግብ በኋላ ወስጃለሁ፤ ጨጓራ ወይም ኩላሊት ያለበት ግን ሳይጠይቅ እንዳይወስድ። ለውጡ ቀስ ብሎ የሚመጣ ነው፣ ወራት ይፈልጋል። አብዛኛው ሰው ግን በዓመት ውስጥ ያለ ቀዶ ሕክምና ይድናል። ካልሆነ ተረከዝ ላይ የሚወጋ የስቴሮይድ መርፌ አለ። ለጊዜው ያስታግሳል። ሲደጋገም ግን ጅማቱን የመበጠስ፣ የተረከዝን ስብ የማሳሳት ጣጣ ስላለው እንደ መጀመሪያ አማራጭ አይያዝም። የሥራ ባልደረባዬ ተመሳሳይ ሕመም አለባት፤ እሷ የሚከብዳት ቅዳሴ ነው፣ ጫማ አውልቆ ረጅም ሰዓት መቆም ስላለ። ወፍራም ካልሲ ደርባ፣ መቋሚያ ተደግፋ፣ ክብደቷን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው እያዛወረች ትቆማለች። ረድቶኛል ትላለች።

እዚያው አጥንት ክፍል ወረፋ ላይ እያለሁ እግራቸው በጄሶ የታሸገ ሕፃናት አየሁ። ቆልማማ እግር ይዘው የተወለዱ ናቸው። በየሳምንቱ እግሩ ትንሽ ትንሽ እየተቃና አዲስ ጄሶ ይደረግለታል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከአምስት እስከ ሰባት ጄሶ ይበቃል። ከዚያ ብዙዎቹ ላይ የተረከዝ ጅማት በትንሽ ቀዶ ይላላል። ቀጥሎ ሁለቱን እግር የሚያያይዝ ልዩ ጫማ ለዓመታት፣ በኋላ በኋላ ሌሊት ሌሊት ብቻ፣ ይደረጋል። ከወላጆች ጋር ሳወራ የገባኝ፣ ሰው የሚሰለቸው ጫማው ላይ ነው። እግሩ ተቃና ብለው ይተዉታል፣ ተመልሶ ይጣመማል። እንዲህ ያለ ሕፃን ያለው ሰው ወጌሻ ዘንድ ሳይዞር በተወለደ በሳምንታት ውስጥ ይሂድ።

ወደ ወንድሜ ጥፍር። ልጁ ኳስ ተጫዋች ነው። የጠበበ ታኬታ ያደርጋል፤ ጥፍሩን ደግሞ ጠርዙን ጠርዙን እያስገባ ክብ አድርጎ ይቆርጣል። ሲያድግ የጥፍሩ ጫፍ ጎኑ ያለው ሥጋ ውስጥ ገባ። ቀላ፣ አበጠ፣ መገለ። ጎረቤት «ጥፍረ መጥምጥ ነው» ብሎ ሎሚ አሳሰረው። ፋርማሲ ሄዶ አንቲባዮቲክ ገዛ። መግሉ ደረቀ፣ መድኃኒቱ ሲያልቅ ተመለሰ። የሚዋጋው ጥፍር እዚያው ስላለ ነው። ሥጋው ውስጥ እንደቀረ እሾህ ሆኖ እያለ በክኒን ብቻ አይሆንም። በኋላም ከጥፍሩ ጎን ቀይ፣ በትንሽ ንክኪ የሚደማ ትርፍ ሥጋ አበቀለ።

ገና ሲጀምር ቢሆን ኖሮ ለብ ባለ የጨው ውሃ እየዘፈዘፉ፣ ከጥፍሩ ጫፍ ሥር ትንሽ ንጹሕ ጥጥ አስገብተው ከፍ እያደረጉ፣ ሰፊ ጫማ አድርገው ሊመለስ ይችል ነበር። የሱ ከዚያ አልፏል። የተሠራለት ትንሿ ቀዶ ሕክምና ክፍል ነው። አጠገቡ ነበርኩ፤ የሚፈራ ስላለ ያየሁትን ልናገር። ጣቱን በቢጫ አዮዲን ጠረጉት። ከጣቱ ሥር በሁለቱም ጎን የማደንዘዣ መርፌ ወጉት። የሚያመው ይሄ ብቻ ነው፤ ወንድሜ የኔን እጅ ጨምቆ ሊሰብረኝ ነበር። ደንዝዞ እንደሆነ በመቆንጠጫ ነካ አድርገው ጠየቁት። ደም እንዳይፈስ የጣቱን ሥር በላስቲክ አሰሩ። ከዚያ ጥፍሩን ሙሉ አልነቀሉትም። የገባውን ጎን ብቻ በቁመቱ ስስ አድርገው ቆርጠው፣ ከሥሩ ጠምዘዝ አድርገው አወጡት። ያወጡትን ለወንድሜ አሳዩት። ሥጋው ውስጥ ተደብቆ የነበረው ጫፉ እንደ መርፌ የሾለ ነው። እኔ ራሴ ያ ሁሉ ሥቃይ ከዚህች ነገር የመጣ አልመሰለኝም።

ቀጥሎ በጥጥ የተጠቀለለች እንጨት ፌኖል በሚባል አሲድ ነክረው የተቆረጠው ጥፍር ሥር ውስጥ አሹ። ሽታው ይከረፋል። ያን የሚያደርጉት በዚያ በኩል ጥፍሩ መልሶ እንዳይበቅል ነው። ይሄ ሳይደረግ ጥፍሩን ብቻ ነቅሎ መላክም አለ፤ ያኔ ጥፍሩ እንዳዲስ ሲበቅል ችግሩ ብዙ ጊዜ ይመለሳል። ስለዚህ «ሥሩም ይሠራል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ፌኖል የተደረገበት ጣት ለጥቂት ሳምንታት ውሃ ውሃ ያወጣል። መግል መስሏችሁ እንዳትደነግጡ። እግሩ እየቀላ ወደ ላይ ከሄደ፣ ትኩሳት ከመጣ ግን ተመለሱ። ወንድሜ አሁን ጥፍሩን ቀጥ አድርጎ ነው የሚቆርጠው፤ ጠርዙን አይነካም። ታኬታውን ለታናሽ የአጎታችን ልጅ ሰጥቶ በቁጥር ከፍ ያለ ገዛ።

የጣት መሐል ማሳከክ የሁላችንም ነው። አራተኛውና አምስተኛው ጣት መሐል ያለው ቆዳ ነጭ ሆኖ ይርሳል፣ ይላጣል፣ ይሸታል፣ ያሳክካል። ፈንገስ ነው። ኮምቦልቻ ፋብሪካ የሚሠራ ዘመድ አለኝ፤ ቀኑን ሙሉ ቦቲ ውስጥ ይውላል፣ ከተማዋም ከደሴ ትሞቃለች። እሱ ከዓመት ዓመት አይለቀውም ነበር። እኛ ሙስሊሞች ደግሞ በቀን አምስቴ ውዱእ አለን። እግር መታጠቡ ደግ ነው። ግን ታጥበን የጣት መሐሉን ሳናደርቅ ካልሲ ውስጥ እንከተዋለን፤ ፈንገስ የሚፈልገው ይሄንኑ ነው። ሶላት ቤት በር ላይ ትንሽ ፎጣ ወይም ሶፍት በኪስ ይዞ መሐል መሐሉን ማድረቅ ብቻውን ብዙ ይለውጣል። ሕክምናው ክሎትሪማዞል ዓይነት ክሬም ነው፤ ጠዋትና ማታ። ማሳከኩ በጥቂት ቀን ይተዋል፤ ሰውም ያኔ ይተወዋል፤ ፈንገሱ ግን ገና አልሄደም። ቆዳው ከዳነ በኋላም ሁለት ሳምንት ያህል ይቀባል። ሳይታዩ ከፋርማሲ ስቴሮይድ ያለበት ቅባት ገዝቶ መቀባት ደግሞ ማሳከኩን አጥፍቶ ፈንገሱን ያስፋፋዋል። ቆዳ ክፍል ስትሄዱ ሐኪሟ መጀመሪያ የምትጠይቃችሁ «ምን ስትቀባ ነበር?» ብላ ነው። ካርቶኑን ይዛችሁ ሂዱ።

ጥፍር ሲወፍር፣ ሲቢጭ፣ ሲፈረካከስ ፈንገስ ሊሆን ይችላል፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም። በጫማ የተመታ ጥፍርም እንዲሁ ይወፍራል። ስለዚህ ትንሽ ፍቀው በማይክሮስኮፕ ያዩታል። ፈንገስ ከሆነ ቅባት ብቻውን ብዙ ጊዜ አይደርስበትም። ለእግር ጥፍር ተርቢናፊን የሚባለው ክኒን በየቀኑ ለ12 ሳምንት ያህል ይወሰዳል፤ ጉበትን ሊነካ ስለሚችል ከዚያ በፊት የደም ምርመራ ያዝዛሉ። ክኒኑ ካለቀ በኋላም ጥፍሩ ወዲያው አያምርም። የአውራ ጣት ጥፍር ሙሉ ለሙሉ ለመታደስ ከዓመት በላይ ይፈልጋል። የዳነው ከሥሩ ንጹሕ ሆኖ ሲመጣ ታዩታላችሁ።

ንቃቃት ላይ ብዙ አልቆይም። ክረምቱ ወጥቶ ደረቁ ነፋስ ሲጀምር የደሴ ተረከዝ ሁሉ ይሰነጠቃል። ማታ እግርን ለብ ባለ ውሃ ዘፍዝፎ፣ የሞተውን ቆዳ በእግር መፈግፈጊያ ድንጋይ ቀስ ብሎ ፈግፍጎ፣ ውሃው ሳይደርቅ ቫዝሊን ቀብቶ በካልሲ መተኛት ነው። ፋርማሲ ዩሪያ ያለበት ክሬም ካገኛችሁ ይበልጣል። ምላጭ አታስጠጉ።

የጣት ላይ ወይም የውስጥ እግር ጠጠር ሌላ ነው። ጫማ የሚነካካው ቦታ ላይ ቆዳ ይደድራል፣ መሐሉ ላይ ጠጣር ፍሬ ይሠራል፤ ሲጫኑት ያማል። የቆዳ ኪንታሮትም ይመስለዋል፤ እሱ ግን ከላይ ሲጫኑት ሳይሆን ከጎንና ከጎን ሲቆነጥጡት ነው ይበልጥ የሚያመው፤ ላዩ ሲፋቅም ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦች ይታዩበታል። ጠጠር ከሆነ ባለሙያው በስለት ስስ ስስ እያደረገ ያነሳዋል። ሕያው ቆዳ ስለማይነካ አያምም፤ ተነስታችሁ ስትረግጡ ወዲያው ይቀላችኋል። ጫማው ካልተቀየረ ግን ተመልሶ ይመጣል። ኪንታሮት ከሆነ በሳሊሲሊክ አሲድ ይቃጠላል ወይም እጅግ በቀዘቀዘ ፈሳሽ ናይትሮጅን ይገደላል፤ በራሱ ጊዜ የሚጠፋም አለ። የሳሊሲሊክ አሲዱ ፕላስተር ፋርማሲ ይሸጣል። ስኳር ያለበት ሰው ግን በፍጹም እንዳይለጥፈው። ለምን እንደሆነ ከእናቴ ታሪክ ይገባችኋል።

እናቴ እግሯን አሟት አያውቅም። የሚያስፈራውም ይሄው ነው። በየጊዜው የስኳር ክትትል ትሄዳለች፤ ደም ይለካል፣ ክኒኑ ይታደሳል፣ ትመለሳለች። አንድ ቀን ነርሷ «እማማ፣ ካልሲዎን ያውልቁልኝ» አለቻት። እናቴ ደነገጠች። «እግሬን ምን አገኘው? ደህና ነኝ እኮ ወላሂ!» አለች። «አብሽሩ፣ ላየው ብቻ ነው» አለቻት ነርሷ። የጣት መሐሎቿን አንድ በአንድ ከፈተች። ቆዳው ሞቅ ማለቱን በእጇ ጀርባ ነካካች። ከእግሯ በላይና ከቁርጭምጭሚቷ ኋላ የደም ሥር ትርታ ፈለገች። ከዚያ ቀጭን የናይለን ክር ያለበት እንደ እስክርቢቶ ያለ ነገር አወጣች። መጀመሪያ እጇ ላይ ነካ አድርጋ አሳየቻት። «አሁን ዓይንዎን ይጨፍኑና ሲነካዎ ነካኝ ይበሉ።» ክሩ ጎበጥ እስኪል ድረስ ነው የሚጫነው፤ የሚጎብጠው 10 ግራም ያህል ሲጫን እንዲሆን ተደርጎ የተሠራ ነው።

እናቴ «ነካኝ» አለች። «ነካኝ።» ቀጥሎ ነርሷ አውራ ጣቷ ሥር ጫን አደረገች። ክሩ ጎበጠ። እናቴ ዝም። ደግማ ነካቻት። ዝም። እናቴ ዓይኗን እንደጨፈነች «ጨረሽ እንዴ?» አለቻት። ነርሷና እኔ ተያየን።

ስኳር ለብዙ ዓመት ሲቆይ የእግር ነርቭ ይደነዝዛል። ጠጠር ጫማ ውስጥ ገብቶ ቀኑን ሙሉ ቢቆረቁር አይሰማም። የሚያምም ነገር ስለሌለ ሰው አይጠነቀቅም፤ ቁስሉ አጥንት ከደረሰ በኋላ ካልሲው ሲረጥብ ነው የሚታወቀው። ለዚህ ነው አሲድ ያለበት ፕላስተርም ምላጭም የተከለከለው። ነርሷ ያለቻትን ልንገራችሁ፤ ደሴ ለሚኖር ሰው ተብሎ የተነገረ ነው የሚመስለው። ማታ ብርዱ ሲመጣ እግርን ከሰል ምድጃ ላይ ማሞቅ ቀረ። ትኩስ ውሃ የሞላ ጠርሙስ አልጋ ውስጥ ከእግር ሥር ማድረግ ቀረ። ሲቃጠል አይሰማማ! ውሃ ውስጥ ከመግባት በፊት ሙቀቱ በክርን ይለካል፣ ወይም ሌላ ሰው ይነካዋል። ቤት ውስጥም ጫማ። ጫማ ከማድረግ በፊት ገልብጦ ማራገፍ፣ እጅ አስገብቶ መዳሰስ። ቫዝሊን ተረከዝ ላይ እንጂ ጣት መሐል አይቀባም። ነጭ ካልሲ ይመረጣል፤ ደም ወይም ፈሳሽ ቢነካው ቶሎ ይታያል። በየማታው ውስጥ እግር ይታያል። እናቴ ማጎንበስ ስለማትችል እህቴ ታይላታለች፤ ሰው ከሌለ መስተዋት መሬት ላይ አድርጎ ማየት ይቻላል። ትንሽ ቁስል ወይም ውሃ የቋጠረ ከታየ የዚያኑ ዕለት መሄድ ነው። እግሩ ሳያም አብጦ ከቀላና ከሞቀም እንዲሁ።

ሰፈራችን ያለ አንድ አባወራ በዚህ ቁስል ተኝቶ ነበር። ለሱ ያደረጉለትን አይቻለሁ። በቁስሉ ዙሪያ ያለውን የደደረና የሞተ ቆዳ በስለት ያነሳሉ። ያጥባሉ፣ ያሽጋሉ። መርቅዞ ስለነበር አንቲባዮቲክ ሰጡት። ዋናው ግን እግሩ እንዳይረገጥ ማድረግ ነው፤ በጄሶ ወይም በልዩ ጫማ ክብደቱን ከቁስሉ ላይ ያነሱታል። ሰውየው «ስለማያመኝ ልርገጠው» እያለ ያስቸግር ነበር። ሲረገጥ አይድንም። ውዱእ ነገር አሳስቦት የሰፈሩን ሼህ ጠየቀ፤ እሳቸውም በፋሻው ላይ በረጠበ እጅ ማበስ እንደሚበቃ ነገሩት። እኔ ከሐኪሙ ምክር እኩል የጠቀመው ይሄ መልስ ይመስለኛል፤ ፋሻውን መፍታት ትቷልና።

የአጎቴ ታሪክ ረጅም ነው። ዕድሜውን ሁሉ በባዶ እግሩ ሲያርስ የኖረ ሰው ነው። እግሩ ማበጥ የጀመረው ከታች ነው፤ መጀመሪያ ጣቶቹ ወፈሩ፣ ከዚያ ወደ ላይ ወደ ጉልበቱ። ቆዳው ደደረ፣ ጎረበጠ። አልፎ አልፎ ይነሳበታል፤ ያንቀጠቅጠዋል፣ እግሩ ይግላል፣ ቀናት ይተኛል። ሰው መተት ረግጦ ነው አለ። ሠርግም ለቅሶም መሄድ ተወ። ሽታው ያሳፍረው ነበር።

ያሳየነው ቦሩ ሜዳ ነው። ከደሴ ወጣ ብሎ ያለው ሆስፒታል በሥጋ ደዌና በቆዳ ሕክምና ከጥንት ጀምሮ ስም ያለው ነው። መጀመሪያ ሥጋ ደዌ እንዳይሆን አጣሩ። የደነዘዘ የቆዳ ለምጽ ፈለጉ፣ ነርቮቹን ዳሰሱ። አይደለም። ከዚያ ሐኪሙ የአጎቴን ባዶ እግር አየና «ቀይ አፈር ነው የምታርሱት?» አለው። ዝሆኔ ነው። ትንኝ የምታስተላልፈው የዝሆኔ ዓይነት አለ፤ ይሄኛው ግን የመጣው ከአፈር ነው። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘ ቀይ አፈር ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ማዕድናት በባዶ እግር ቆዳ በኩል ይገባሉ፤ በዘር ለዚህ የተጋለጠ ሰው ላይ ፈሳሽ የሚመልሱትን ቧንቧዎች ያቆስላሉ። በሽታውን በዚህ መልኩ ያስረዳው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ኢትዮጵያ ውስጥ ሲሠራ የነበረ ኧርነስት ፕራይስ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ነው። በአገራችን ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው እንዳለበት ይገመታል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ይሄን ሐኪሙ ለአጎቴ ሚስት በተለይ ደጋግሞ ነገራት።

ሕክምናው ቤት የሚሠራ ነው። ነርሷ ሳፋ አቅርባ ራሷ አጠበችው፤ አጎቴ አፍሮ እግሩን ሊሰበስብ ሲል «አባባ፣ ይተዉልኝ» ብላ ያዘችው። በሳሙናና በውሃ፣ በእጥፋቶቹ ሁሉ ውስጥ። ቀጥሎ ጥቂት በረኪና ጠብ የተደረገበት ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ። መጠኑን እሷ ለክታ አሳይታዋለች፤ በግምት የሚጨመር ነገር አይደለም፣ ያቃጥላል። ከዚያ ማድረቅ፣ ቅባት፣ ከጣት ጀምሮ ወደ ላይ የሚሄድ ፋሻ፣ ካልሲ፣ ጫማ። ሲቀመጥ እግሩን ከፍ ማድረግ። ይሄ በየቀኑ፣ ዕድሜ ልክ። ጎረቤታችን ምሥራቅ ጎጃም ላይ ተሠርቶ በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናትም ይህን ቀላል እንክብካቤ የሚያደርጉ ሰዎች ላይ ያ የሚነሳው ግለት እንደሚቀንስ አሳይቷል። አጎቴ ላይ ያየነውም ይሄንኑ ነው። እብጠቱ ሙሉ ለሙሉ አልጠፋም። ሽታው ግን ጠፋ፣ መተኛቱም በረደ። ያስቸገረን ጫማ ነው፤ ሱቅ ያለው ጫማ አይገባለትም። እግሩን ወረቀት ላይ አስቀምጠን በእርሳስ ዞርነው፣ ዙሪያውን በክር ለካን፣ ጫማ ሰፊ ዘንድ ወሰድነው። ልጆቹ አሁን ጫማ ሳያደርጉ እርሻ አይወርዱም። ከሁሉም ሕክምና የሚበልጠው እሱ ነው።

ከመሄዳችሁ በፊት ጥቂት ነገር። የማኅበረሰብ ጤና መድን ካላችሁ ከጤና ጣቢያ ጀምሩ፤ ያለ ሪፈር ሆስፒታል ከሄዳችሁ ከኪስ መክፈል ሊመጣ ይችላል። ካርድ ክፍል «እግሬን አመመኝ» ብቻ አትበሉ። ቆዳ ነው፣ አጥንት ነው፣ ጥፍር ነው፣ ስኳር አለብኝ በሉ፤ የምትላኩበት ክፍል የሚወሰነው በዚህ ነው። አዘውትራችሁ የምታደርጉትን ጫማ አድርጋችሁ ሂዱ፤ አዲሱን ለሠርግ አቆዩት። ጫማ ስትገዙ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ይሁን፤ እግር ውሎ ሲያብጥ የሚበቃው ነው ልክ ጫማ።

አንድ የሴቶች ነገር አለ። እንሶስላ፣ ሂና፣ የጥፍር ቀለም የቆዳውንና የጥፍሩን መልክ ይሸፍናል፤ ነርሷ መቅላቱንም መጥቆሩንም ማየት አትችልም። እናቴ ይሄን ስትሰማ አኮረፈች። ለዒድ ሳልሞቅ? አለች። ተከራክረን ተስማማን። እጇን ትሞቃለች፣ እግሯን ትተዋለች። ባለፈው ቀጠሮ ካልሲዋን ስታወልቅ ግን ሁለቱ ትንንሽ ጣቶቿ ቀይ ነበሩ። «ተረፈና ነው» አለች።